«ተብሏል» የሚባለው መደበቂያ

ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ፣ ለሜቻ ግርማ በፓሪስ ኦሊምፒክ የ3,000 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ የመጨረሻውን ዙር ሲሮጥ እግሩ መሰናክሉን ነክቶት በጭንቅላቱ ወደቀ። በቀደመው ዓመት እዚያው ፓሪስ ውስጥ በ7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው ልጅ ራሱን ስቶ በቃሬዛ ወጣ። ሐኪም አንድም ቃል ሳይናገር ስለ ደኅንነቱ የሚወራው ወሬ አገር አዳረሰ። በኋላ አትሌቱ ራሱን ማወቁ ተገለጸ። እስከዚያ ድረስ ግን ስለ ሕይወቱ በየገጹ የተጻፈውን ያነበበ እናት፣ አባት ወይም ወንድም ምን ዓይነት ሌሊት እንዳሳለፈ ማንም አልጠየቀም።

በስፖርት ጋዜጠኝነታችን ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ። ጋዜጠኛው ነገሩን ራሱ እስካላለው ድረስ አይጠየቅም የሚል ነው። ስለዚህ «ተብሏል» ይላል፣ «መነጋገሪያ ሆኗል» ይላል፣ «የውስጥ ምንጮች ጠቆሙ» ይላል፤ ወይም ርዕሱ መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት ይሰካል። ወሬውን መነጋገሪያ ያደረገው ራሱ መሆኑን አይቆጥረውም። አንድ የማይታወቅ ገጽ የለጠፈውን ጣቢያው ያነበዋል፤ ገጹ ደግሞ በማግስቱ ጣቢያውን ምንጭ አድርጎ ይጠቅሳል። ሁለቱም ሳያጣሩ አንዱ የሌላው ማስረጃ ይሆናሉ። ይህ ልማድ ዘገባ ሊባል አይገባውም፤ ኃላፊነትን መሸሽ ነው።

በደል መሆኑ የሚታየን ሌላው ሲያደርግብን ነው። ነሐሴ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. አልማዝ አያና በሪዮ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ጨርሳ ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ ለ23 ዓመታት የያዘችውን ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ አሻሻለች። አብራት የሮጠችው ስዊድናዊቷ ሳራ ላቲ ጥርጣሬዋን በአደባባይ ተናገረች፤ የውጭ ጋዜጦችም ተቀባበሉት። አልማዝ የኔ ዶፒንግ ልምምዴና ኢየሱስ ነው ብላ መለሰች። ኢትዮጵያውያን ተቆጡ፤ ቁጣውም ተገቢ ነበር፤ ያለ ማስረጃ የሰው ላብ ተነክቷልና። ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ አሠልጣኝ ጃማ አደን ከዶፒንግ ጋር በተያያዘ በስፔን ሲታሰር እሱ ያሠለጥናት የነበረችው የገንዘቤ ዲባባ ስም በዓለም ጋዜጦች ርዕስ ላይ ከእሱ ስም ጋር ተሰልፎ ወጣ። ገንዘቤ አልታሰረችም፤ በምርመራም ምንም አልተገኘባትም። ይህን ያወገዙ የአገር ውስጥ ፕሮግራሞች ግን በራሳቸው አትሌት ላይ ያንኑ ለመድገም አያመነቱም።

ጉዳቱ ደግሞ ሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። ዝነኛው አትሌት ማናጀር አለው፣ ጠበቃ አለው፣ መግለጫ የሚጽፍለት ሰው አለው። ከደብረ ታቦር አፋፍ ወይም ከጉና ግርጌ የሚነሳው ወጣት ግን ሌላ ነው። ፋርጣና ላይ ጋይንት ከገብስና ከድንች ማሳ አጠገብ በብርድ ሮጦ ያደገ ልጅ፣ እንደ መቻል ወይም ንግድ ባንክ ያለ ክለብ ቢቀጥረው ደመወዝ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ የሚጠብቀው የውጭ ውድድር ግብዣ ነው። ግብዣውን የሚሰጡት አዘጋጆች ስም አይተው ይጋብዛሉ፣ ስም ሰምተው ይተዋሉ። ለምን እንደቀረ የሚነግረው የለም፤ ሳይከሰስ ይቀጣል።

አድማጩስ ራሱ አይመዝንም ወይ? የሚል መከራከሪያ አለ። በምን ይመዝን? ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወሬ በራዲዮ፣ በስልክና በገበያተኛ አፍ ደቡብ ጎንደር ይደርሳል፤ ማስተባበያው አዲስ አበባ ውስጥ ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ያሉት አበው ለሰሚው ነው፤ ወሬ ነጋሪነትን ሙያው አድርጎ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ግን ሐሳቡን አስቀድሞ ሊጨምርበት ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው መከራከሪያ ዝምታ አጭበርባሪን ይሸፍናል የሚለው ነው፤ እውነትም አለበት። በ2008 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ ፕሬዚዳንት ሴባስቲያን ኮ በፀረ ዶፒንግ ሥራቸው እጅግ ደካማ ናቸው ካሏቸው አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ችግሩ አለ፤ ጋዜጠኛም ሊቆፍረው ይገባል። መቆፈር ማለት ግን ናሙናው መቼ ተወሰደ፣ ለአትሌቱ ተነግሮታል ወይ፣ ሁለተኛው ናሙና እንዲመረመር ጠይቋል ወይ፣ ጊዜያዊ እገዳ ተጥሏል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። በ2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዓለም አትሌቲክስ የሥነ ምግባር ክትትል አካል በጊዜያዊነት የታገዱትንም የተቀጡትንም በስም ዘርዝሮ በድረ ገጹ ያወጣል። ዝርዝሩን ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ፀረ ዶፒንግ ባለሥልጣንም አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ ያለው መሥሪያ ቤት ነው። የሐሜት ፕሮግራም ሰዓቱን በግምት ስለሚሞላ ይህን አያደርግም፤ በእርግጥ ያጭበረበረውም በወሬው ግርግር መሐል ሳይታይ ያልፋል።

ምርመራ ኖሮ እንኳ መቸኮል ምን እንደሚያስከትል የአበባ አረጋዊ ጉዳይ ያሳያል። ለስዊድን ሮጣ በ2013 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ የ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው አበባ፣ በናሙናዋ ሜልዶኒየም የተባለ መድኃኒት መገኘቱ በየካቲት 2008 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። መድኃኒቱ ከተከለከለ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ብዙዎች ነገሩ አለቀ ብለው ጻፉ። በኋላ የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ መድኃኒቱ ከሰውነት ለመውጣት የሚወስደውን ጊዜ አይቶ አዲስ መመሪያ አወጣ፤ የተገኘባት መጠንም ዝቅተኛ ስለነበር እገዳው በዚያው ክረምት ተነሳላት። ሪዮ ላይ ግን አልሮጠችም። የእገዳዋን ዜና በትልቅ ርዕስ ያነበበ ሰው የመነሳቱን ዜና ለማግኘት መፈለግ ነበረበት።

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ስሙ ለተነሳ ሰው መልስ የመስጠት መብት ሰጥቶታል። ይህ መብት አትሌቱ ሲከስ ብቻ የሚታወስ ሊሆን አይገባም። ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ የሚተላለፉ የስፖርት ፕሮግራሞች ስሙን ከመጥራታቸው በፊት ለባለቤቱ ወይም ለክለቡ ይደውሉ። ከተሳሳቱም እርማቱ ስሙ በተነሳበት በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው አቅራቢ አንደበት ይነበብ፤ ደብረ ታቦር ያለው አድማጭ የሰማው እዚያ ነውና።