አሮጌው የጦር ሠራዊት ሽጉጥ ለማን ነው የረከሰው?



በየሽኩናው፣ በየለቅሶ ቤቱና በየሠርግ አዳራሹ ሳይቀር አንድ ወሬ ደጋግመን እየሰማን ነው። «እገሌ ሽጉጥ ገዛ። አዲስ አይደለም፤ ከፖሊስና ከጦር ሠራዊት የወጣ አሮጌ ነው። ነገር ግን ብረቱ የድሮ ብረት ነው፣ ዋጋውም ርካሽ ነው» ይባላል። ወሬውን የሚያወራው ሰው ዓይኑ ይበራል። ሰሚውም ወደ ቤቱ ሲመለስ «እኔስ ለምን ይቅርብኝ?» እያለ ያስባል። እኛ ይህን ገጽ የምናዘጋጀው ሰዎች ከመካከላችን ወታደር የነበረ፣ ለዓመታት ሽሚራ የሠራ፣ ልጆች ያሳደገችም እናት አለች። ተሰብስበን ከተነጋገርን በኋላ ዝም ማለት አይገባንም ብለን ይህን ጻፍን። የምንቃወመው ይህን «ርካሽ» የሚለውን ቃል ነው።

ወሬው ከባዶ አልተነሣም። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 በስዴሮትና በኦፋኪም ከተሞች፣ በጋዛ ዙሪያ ባሉ መንደሮችም የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። በእነዚያ ከተሞች ወገኖቻችን ይኖራሉ። ከዚያ በኋላ መንግሥት የሽጉጥ ፈቃድ ደንቡን አላላ፤ ባለፈቃድ ሊይዝ የሚችለው ጥይት ከ50 ወደ 100 ከፍ አለ፤ ለብዙዎች ቃለ መጠይቁ በስልክ ሆነ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም አመለከተ። በችኮላው መካከል ሥልጣን የሌላቸው ሰዎች ፈቃድ ሰጥተዋል የሚል ክርክር ተነሥቶ የፈቃድ ክፍሉ ኃላፊ በዲሴምበር 2023 ሥራውን ለቀቀ። እንግዲህ የፈራን ሰው አንወቅስም። በር ዘግቶ ልጆቹን አቅፎ ያደረ አባት «መሣሪያ ቢኖረኝ ኖሮ» ቢል አይፈረድበትም። የምንወቅሰው ፍርሃቱን አይቶ አሮጌ ብረት የሚያሻሽጥበትን አፈኛ ነው፤ ከእኛው መካከል ያለውን አፈኛ ጭምር።

ስለ ብረት ደግሞ ለእኛ አይነገረንም። አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ፤ ማረሻውንም ማጭዱንም ለሀገሩ ሁሉ የሠሩ ናቸው (ስሙን ያወጡልንም በዚሁ ሙያችን ነበር፣ እሱን እንተወው)። የደከመ ብረት ከውጭ እንደማይታወቅ ቀጥቃጭ ያውቃል። አሮጌ ሽጉጥ ከውጭ ተወልውሎና ዘይት ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ውስጡ ያለው ሞላ ግን ስንት ሺህ ጊዜ እንደ ተጨመቀ፣ የጥይቱ ካዝና ከንፈሩ ስንት ጊዜ እንደ ተጣመመ ማን ያየዋል?

በዚህ ሀገር በአሮጌነት ከሚታወቁት አንዱ የቤልጅግ ሥራ የሆነው ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ነው። በ1935 የወጣ፣ 13 ጥይት የሚጎርስ፣ የእስራኤል ፖሊስም ለብዙ ዓመታት የያዘው ነው። ሌላው የጣልያኑ ቤሬታ 1951 ነው፤ 8 ጥይት ይይዛል። ሁለቱም በዘመናቸው መልካም መሣሪያዎች ነበሩ፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን የተሠሩት በሠራዊት ውስጥ፣ በሰልጣኝ እጅ፣ በመሣሪያ ጠጋኝ ዓይን ሥር እንዲኖሩ ነው። የድሮው ሃይ ፓወር ቢወድቅ መርፌው ወደ ፊት እንዳይሄድ የሚያግድ ብረት የለውም፤ ይህ የተጨመረው ኋላ በወጡት ላይ ነው። የመጠበቂያ ቁልፉ እጅግ ትንሽ ናት፤ አውራ ጣት ፈልጎ ሲያጣት አይተናል። የተሠራውም ለወታደር ድፍን ጥይት ስለ ሆነ፣ ዛሬ የሚሸጠውን አፉ የተቦረቦረ ጥይት ሲያጎርሱት አንዳንዱ ይቀረቀርበታል።

ከሁሉ የሚያስፈራን ግን አንድ ነገር ነው። ሃይ ፓወር ካዝናው ከወጣ ምላጩን ቢስቡት አይተኩስም። ቤሬታ 1951 ግን ካዝናው ወጥቶ አንድ ጥይት አፉ ውስጥ ከቀረ ይተኩሳል። በአንዱ የለመደ ሰው ሌላውን ገዝቶ «ካዝናውን አውጥቻለሁ፣ ባዶ ነው» ብሎ ለልጁ ቢያሳየውስ? በየሀገሩ «ባዶ መስሎኝ ነበር» ተብሎ የተለቀሰው ለቅሶ ማለቂያ የለውም።

ከእኛ አንዱ አንድ ዘመዱን ተከትሎ ወደ ሚትዋህ ሄዶ ነበር። ዘመዱ ዕድሜው የገፋ፣ የተከበረ ሰው ነው፤ የገዛው አሮጌ ሃይ ፓወር ነበር። የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች ደኅና ተኮሰ፤ ፊቱም በራ። ቀጥሎ አንዱ ቀለህ ሳይወጣ ተቀረቀረ። ሽማግሌው ሽጉጡን በእጁ እንደያዘ ምን ሆነ ለማለት ወደ እኛው ሰው ዞረ፤ አፈሙዙም አብሮት ዞረ። አሠልጣኙ ጮኾ እጁን ያዘው። «አያ፣ ወደ ፊት! ወደ ፊት ይያዙት!» ሲል ወገናችን ድምፁ ተንቀጠቀጠ። በኋላ እጃቸውን ሲያዩት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ ተነክሶ ይደማል። የዚያ ሽጉጥ የኋላ መምቻ ሲመለስ እጅ ይነክሳል፤ የታወቀ ጠባዩ ነው፤ ሻጩ ግን አልነገራቸውም። «በሀገሬ በምንሽር ዒላማ የምመታ ሰው ነበርኩ» አሉ በመኪና ውስጥ። እውነታቸውን ነው። ሽጉጥ ግን ምንሽር አይደለም፤ አጭር ነው፣ እጅ ትንሽ ቢዞር እሱ ብዙ ይዞራል።

በዚህ ሀገር የተለመደው አያያዝ ጥይት ሳያጎርሱ መያዝ ነው። መልካም ልማድ ነው፤ ብዙ አደጋ ያስቀራል። ነገር ግን አስቡት፤ አደጋ ሲመጣ ሽጉጡን መምዘዝ፣ በሁለተኛው እጅ የላይኛውን ብረት ስቦ ማጉረስ፣ ከዚያ ማነጣጠር ያስፈልጋል። ሁለተኛው እጃችሁ ሕፃን ቢይዝስ? ይህን በወር በወር የማይለማመድ ሰው በዚያች ደቂቃ አያገኘውም። መለማመድ ደግሞ ጥይት ነው፣ ጥይትም ገንዘብ ነው።

እስቲ ዋጋውን እንቁጠር። የሽጉጡ ዋጋ ርካሽ ሆነ እንበል። ሥልጠናው ይከፈላል፣ ካሴፌቱ ይገዛል፣ ማህደሩ ይገዛል፣ ሞላውና ካዝናው ይለወጣል፣ ፈቃዱ ሲታደስ እንደገና ሥልጠና አለ። ገና ኡልፓን ያልጨረሰ፣ ማሽካንታ ያለበት፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ በቱሉሹ ላይ የሚያሰላ ቤተሰብ ይህን ከየት ያመጣዋል? አብዛኛው ሰው የሚያደርገውን እናውቃለን። ሽጉጡን ይገዛል፣ ካሴፌቱን «በሚመጣው ወር» ይላል፣ ሽጉጡም በልብስ ሳጥን ውስጥ ከፎጣ ሥር ይተኛል። ልጆች ደግሞ በቤታችን የማያውቁት መደበቂያ የለም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። የሽጉጡ አፈሙዝ ከጠላት ይልቅ ወደ ቤት ውስጥ የሚዞርበት ጊዜ አለ። በዚህ ሀገር በባሎቻቸው የተገደሉ ሴቶች ሲቆጠሩ የእኛ እኅቶች ከሕዝባችን ብዛት በላይ ሆነው መቆየታቸውን እያወቅን፣ በአፍረት ዝም ብለናል። «ቢላዋም ይገድላል» የሚል አለ። አዎን ይገድላል፤ ነገር ግን ከቢላዋ የሮጠች ሴት አንዳንድ ጊዜ ጎረቤት በር ትደርሳለች። የሽሚራ ሠራተኞች የሥራ ሽጉጣቸውን ወደ ቤት ሲወስዱ የደረሰውን ሞት የተቃወሙ ሴቶች ከ2010 ጀምሮ «ሽጉጡ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ» በሚል ስም ተደራጅተው ታግለዋል፤ በ2013ም ሽጉጡ በሥራ ቦታ እንዲቀር ተወሰነ። ኋላ የሽብር ጥቃት ሲበዛ ውሳኔው እንደገና ላላ። ከሽሚራ ሠራተኞች መካከል ስንቱ የእኛ ልጅና ወንድም እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ሌላም አለ። ስለ ራስ ማጥፋት በእኛ ዘንድ በሹክሹክታ እንኳ አይነገርም፤ የሠራዊቱን ነገር ግን እንናገር። በ2006 ጽሃል ወታደሮች ለሰንበት ወደ ቤት ሲሄዱ መሣሪያቸውን በሰፈር እንዲተዉ አዘዘ። በ2010 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ራሳቸውን ያጠፉ ወታደሮች ቁጥር በ40 በመቶ ቀነሰ። የቀነሰውም በተለይ በሰንበት ቀናት ነው፤ በሥራ ቀናት ብዙ ለውጥ አልታየም። ልብ በሉ፤ ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው፣ ኀዘናቸውም ያው ነው። የተለወጠው መሣሪያው በክፍሉ ውስጥ አለመኖሩ ብቻ ነው። «መሞት የፈለገ መንገድ አያጣም» የሚለውን አባባል ከእንግዲህ በፊታችን ማንም እንዳይደግመው እንለምናለን።

ደግሞም ስለ ቆዳችን መናገር አለብን፤ ቢያስከፋም። ኦክቶበር 18 ቀን 2015 በቤር ሼቫ አውቶቡስ ጣቢያ ሀብቶም ዘርሁም የሚባል ኤርትራዊ ስደተኛ፣ በእጁ ምንም መሣሪያ ሳይኖር፣ ገዳይ መስሏቸው በጥይት ተመታ፣ ወድቆ ሳለም ተደበደበ፣ ሞተ። ኖቬምበር 30 ቀን 2023 በኢየሩሳሌም መግቢያ ዩቫል ካስልማን የተባለው ጠበቃ በፈቃድ የያዘውን ሽጉጥ አውጥቶ ሽብርተኞቹን ተኮሰ፤ ከዚያም ሽጉጡን ጣለ፣ ተንበረከከ፣ እጁን አነሣ። አንድ ተጠባባቂ ወታደር ግን ተኩሶ ገደለው። እሱ የሀገሩ ተወላጅ፣ ፖሊስም የነበረ፣ ዕብራይስጥ አፉ የፈታበት ሰው ነበር። እንግዲህ የእኛ ልጅ፣ ትላንት ከሜርካዝ ክሊታ የወጣው፣ ዕብራይስጡ በድንጋጤ የሚጠፋበት ልጅ፣ በዚያ ሁካታ መካከል ሽጉጥ መዞ ቢቆም ምን ይመስላቸዋል? የ2019ኙን የሰሎሞን ተካን ሰልፍ የወጣን ሰዎች ይህን ጥያቄ እንዴት እንረሳዋለን?

«በሀገራችን መሣሪያ የሌለው ወንድ ነበር እንዴ?» የሚሉን ሽማግሌዎች አሉ። ነበር፣ አንቱ አባቶቻችን፤ ብዙዎቻችን ምንም አልነበረንም። በሱዳን መንገድ ሽፍታ ሲዘርፈን መሣሪያው በእጁ የነበረው ሽፍታው ነው። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሆነን ስንወጣ፣ የተበተነው የደርግ ወታደር መሣሪያውን ለዳቦ መግዣ ይሸጥ ነበር። ማካሮቭም ክላሽም ያን ጊዜ ረከሰ። ያ ርካሽነት ለጎንደር ገበሬ ሰላም ገዛለትን? በኦገስት 2023 ከጎንደርና ከባሕር ዳር በውጊያ መካከል በአውሮፕላን የወጣችሁ አዲስ ገቢዎች ከእኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ሁሉ የተኩስ ድምፅ ሸሽታችሁ መጥታችሁ፣ በአራተኛ ፎቅ፣ በሦስት ክፍል ቤት ውስጥ እንደገና ሽጉጥ ታስገባላችሁ?

በአሜሪካ ዘመድ ያላቸው «እዚያ አሮጌ የወታደር ሽጉጥ እንደ ዕቃ ይገዛል» ይሉናል። እዚያ መሣሪያ መያዝ በሕገ መንግሥታቸው የተጻፈ መብት ነው። እዚህ ግን በ1949 በወጣው ሕግ መሠረት ፈቃድ ነው፤ ይሰጣል፣ ይነሣል። ዕድሜ፣ አገልግሎት፣ የመኖሪያ ቦታ፣ መሠረታዊ ዕብራይስጥ፣ ሐኪም የፈረመበት የጤና ቃል ይጠየቃል። ስለዚህ «ወረቀቱን ኋላ እንጨርሳለን፣ አሁን ውሰደው» የሚላችሁ ሰው ቢመጣ፣ ቄስ ቢሆን፣ የሚዜአችሁ ልጅ ቢሆን፣ ወደ እስር ቤት እየጋበዛችሁ ነው። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ሽጉጡን ለወንድሙ ለአንድ ቀን ማዋስ አይችልም።

በድንበር አጠገብ የሚኖር፣ በከተማው የጥበቃ ቡድን ውስጥ የተመዘገበ፣ የሚለማመድና ካሴፌት ያለው ሰው ላይ ጣታችንን አንቀስርም። እሱ የሚያደርገውን ያውቃል፤ እሱም ቢሆን «ርካሽ ነው» ብሎ አይገዛም። በዋጋው ርካሽነት ምክንያት ብቻ የተገዛ ሽጉጥ ግን ለሥራው የተገዛ አይደለም።

ለማኅበራችን ኮሚቴ ሁለት ነገር አቅርበናል። አንደኛው፣ የሽሚራ ድርጅቶች የሠራተኞቻቸውን ሽጉጥ በሥራ ቦታ ቆልፈው እንዲያስቀሩ በማኅበሩ ስም ደብዳቤ ይጻፍ። ሁለተኛው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህ ነገር አጀንዳ ሆኖ ይቅረብ፤ ከወንዶቹ በፊትም ሴቶቹ ይናገሩ፤ በቤታቸው ሽጉጥ ይግባ አይግባ ተጠይቀው እንደሆነ በራሳቸው አፍ ይንገሩን። በቤቱ ሽጉጥ ያለና ካሴፌት የሌለው ሰው ደግሞ ስብሰባውን ሳይጠብቅ ወደ እኛ ይምጣ፤ ስሙን አንጠይቅም፤ ካሴፌቱን በክፍያ ክፍያ የሚገዛበትን መንገድ አብረን እንፈልጋለን።