ሞታቸውን መልሱልን

በሰው ደስታ የምከፋ ሰው አይደለሁም። ሁለት የተዋደዱ ሰዎች ተጋብተው፣ ወልደውና ከብደው ሲኖሩ ማየት እንደማንኛውም ሰው ያስደስተኛል። ለሰርግም ለለቅሶም ድንኳን እንተክላለን፤ ሸራው ያው ሸራ፣ ምሰሶውም ያው ምሰሶ ነው። ሬሳ ባልወጣበት ቤት ገብቶ የሙሽራ ዘፈን የሚያወርድ ሰው ቢገኝ ግን ጎረቤት ምን እንደሚለው አንባቢ ያውቃል። «ስዋን ሌክ» የተባለውን ዝነኛ የባሌት ትርዒት መጨረሻውን ቆርጠው በደስታ የሚቋጩ ሰዎች የሚሠሩት ሥራ ከዚህ የተለየ ሆኖ አልታየኝም።

(«ባሌት» ማለቴን የፈረንሳይኛ አዋቂዎች ይቅር ይበሉኝ። ትክክለኛው አነጋገር «ባሌ» መሆኑ አልጠፋኝም። ነገር ግን አንዲት ሴት «ትናንት ማታ ባሌን ሳይ አመሸሁ» ብትል ስለ ኪነ ጥበብ እያወራች መሆኑን ማን ያምናታል?)

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ላውጋው። ስዋን አንገቷ የረዘመ፣ ዝይ የምትመስል ነጭ የውኃ ወፍ ናት፤ በእኛ ሐይቆች አትገኝም። ሮትባርት የሚባል አስማተኛ ኦዴት የምትባል ልዕልትን ወደዚህች ወፍ ይለውጣታል። ቀን ቀን ወፍ፣ ሌሊት ሌሊት ሰው ናት። ድግምቱ የሚፈታው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ለሌላ ሴት ፍቅሩን ምሎ የማያውቅ ወንድ ለእሷ ምሎ መሐላውን ሲጠብቅ። ልዑል ዚግፍሪድ ለአደን ወጥቶ በሐይቁ ዳር ያገኛታል፤ ይወዳታል፤ ቃል ይገባላታል። በማግስቱ ሚስት እንዲመርጥ በተደገሰለት ግብዣ ላይ አስማተኛው የገዛ ልጁን ኦዲልን ኦዴትን አስመስሎ ያመጣለታል። ልዑሉ ይታለላል፤ ለኦዲል ይምላል። በዚያችው ቅጽበት እውነተኛይቱ ኦዴት በመስኮቱ በኩል ስትንሰፈሰፍ ትታያለች። ዚግፍሪድ እየሮጠ ወደ ሐይቁ ይሄዳል፤ ይቅርታ ይለምናታል፤ እሷም ይቅር ትለዋለች። ይቅርታዋ ግን ድግምቱን አይፈታውም። ሁለቱም ሐይቁ ውስጥ ገብተው ይሞታሉ።

ባሌት አንደበት የለውም። ስለዚህ በድሮው ሥርዓት በእጅ ይነጋገራል። ለፍቅር ሁለት እጅ ልብ ላይ ያርፋል፤ ለጋብቻ የቀለበት ጣት ይጠቆማል፤ ለሞት የተጨበጡ ሁለት እጆች ከፊት ለፊት ይጠላለፋሉ። ለመሐላ ደግሞ አንደኛው እጅ ሁለት ጣት ቀስሮ ወደ ላይ ይነሣል። በሦስተኛው ገቢር አብዛኛው ተመልካች የሚጠብቀው የኦዲልን 32 ሽክርክሪት ነው፤ ፒዬሪና ሌኛኒ የተባለች ጣሊያናዊት እ.ኤ.አ. በ1895 ፔቴርስቡርግ ላይ ካደረገችው ወዲህ በአንድ እግር ቆሞ መሾር የባሌሪናዎች ሁሉ ፈተና ሆኖ ቀርቷል። ሰዉ ይቆጥራል፤ ያጨበጭባል። እኔ እነዚያን ሁለት ጣቶች ነው የምጠብቀው። ልዑሉ ጣቱን ሲያነሣ ሆዴ ይባባል፤ አሥር ጊዜ ባየው አሥር ጊዜ «ተው!» ልለው ይዳዳኛል።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህን ትርዒት ለመረዳት ከብዙ ሕዝብ የተሻለ ስንቅ አለን እላለሁ። ስለ ባሌት አናውቅም፤ ስለ መሐላ ግን እናውቃለን። የእኛ መሐላ «ይሙት» ነው የሚለው። «አባቴ ይሙት»፣ «እናቴ ትሙት»፣ በደጉ ዘመን ጉዳዩ ሲከር ደግሞ «ንጉሥ ይሙት»። አፋችን ስለለመደው ሳንሰማው እንናገረዋለን እንጂ ነገሩ መያዣ ማስያዝ ነው፤ ቃሌን ባጥፍ የምወደው ሰው ነፍስ መያዣ ይሁንብኝ ማለት ነው። እንግዲህ ዚግፍሪድ በሐይቁ ዳር ሲምል «ኦዴት ትሙት» ብሎ እንደማለ ቁጠሩት። መሐላው ፈረሰ፤ መያዣዋም ተወሰደች። አራተኛው ገቢር ከዚህ በኋላ ለሰው ልጅ ምን ይቀረዋል ብሎ የሚጠይቅ ገቢር ነው።

አሁን ወደ ክሴ ልምጣ። ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር ዘመድ ልጠይቅ ዋሽንግተን ሄጄ ሳለሁ የአክስቴ ልጅ እኔንና የስምንት ዓመት ልጇን ይዛ፣ ከከተማ ከተማ የሚዞር አንድ የባሌት ቡድን ወደሚያሳይበት አዳራሽ ወሰደችን። የቡድኑን ስም አልጠራም፤ እንዲህ የሚሠሩት ብዙ ስለሆኑ አንዱን ነጥሎ መውቀስ ግፍ ነው። ሙዚቃው የተቀረጸ ነበር፤ ኦርኬስትራ ይዞ መዞር ውድ ነውና ይህን ይቅር አልሁ። ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች 24ና ከዚያም በላይ ስዋኖች ሲያሰልፉ እነዚህ 16 ብቻ ነበሯቸው፤ ይህንንም ይቅር አልሁ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። በሁለተኛው ገቢር ኦዴትና ልዑሉ ሲደንሱ፣ ቀሪዎቹ ስዋኖች ዳርና ዳር ተደርድረው፣ አንድ እግራቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ሳይንቀሳቀሱ ደቂቃዎች ይቆማሉ። ሞክሩት እስቲ፤ ከሽክርክሪቱ የማይተናነስ ስቃይ አለበት። አንዲት ልጅ ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ ከመቀመጫዬ አየኋት፤ ፊቷ ግን ውኃ የመሰለ ጸጥታ ነበረው።

አራተኛው ገቢር ሲጀመር በራሪ ወረቀቱ ላይ «ለመላው ቤተሰብ የተዘጋጀ» የሚለውን ቃል ለምን እንደጻፉት ገባኝ። ልዑሉ ሮጦ ገባ። ተንበረከከ እንኳ ለማለት ያስቸግራል። ሮትባርት መጣ፤ ታገሉ፤ ልዑሉ የአስማተኛውን አንድ ክንፍ ገንጥሎ ጣለ፤ አስማተኛው መሬት ላይ ተንፈራፈረና ሞተ፤ ከበስተጀርባ ብርቱካንማ ብርሃን ወጣ፤ ኦዴት ልዑሉ ክንድ ላይ ወደቀች። መጋረጃ! የይቅርታው ዳንስ የለም። ዝንብ እንደገባችበት ወተት አውጥተው ጥለውታል።

ጭብጨባው ሳያባራ የአክስቴ ልጅ ልጅ ወደ እናቷ ጠጋ ብላ፣ «ይቅርታ ጠየቃት እንዴ?» አለቻት።

«አዎ፣ አድኗት የለ እንዴ፣ የኔ ቆንጆ።»

«አዳናትማ። ግን ይቅርታ ጠየቃት?»

እናትዮዋ መልስ አልነበራትም፤ እኔም አልረዳኋትም፤ ጥያቄው የቡድኑ እንጂ የእሷ አልነበረማ።

ወደ ቤት ስንመለስ በመኪና ውስጥ መነጫነጬን ሰምታ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ!» አለችኝ። «እኔ በሳምንት አምስት ሌሊት አዛውንት በሚጦሩበት ቤት ነው የማድረው። ሞቱ እዚያ ሞልቶ ተርፏል። ደግሞ ገንዘቤን ከፍዬ ሞት ልይ?» ይህን ክርክር የማቀርበው ቀላል ስለሆነ አይደለም። ለደስታ ፍጻሜ ከሚቆሙ ሰዎች አፍ ከሰማሁት ሁሉ የከበደው እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ የተከፋ ሰው ማታ ትንሽ ይሳቅ ማለት ምን ክፋት አለው?

ይሁን እንጂ በዚያው ሳምንት ራሷ የነገረችኝን አልረሳሁም። አንዲት አሮጊት አርፈው፣ ከሌላ ስቴት የመጣ ልጃቸው ከሰዓታት በኋላ ደርሶ፣ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ከእናቱ ጋር ለዓመታት ተኳርፈው ነበር። «የሚገድለኝ ሞቱ አይደለም ጋሼ፤ የዘገዩት ናቸው» ነበር ያለችኝ። ታዲያ አራተኛው ገቢር ምንድን ነው? የዘገየ ሰው ነዋ! ለማዳን የዘገየ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ለጥቂት የደረሰ። ያ ኮሪደር ላይ የቆመ ልጅ ያጣትን አንዲት ሰዓት ቻይኮቭስኪ ለዚግፍሪድ ሰጥቶታል። እነዚህ ሰዎች ለአክስቴ ልጅ ሞትን ደበቅንላት ብለው የቀሟት ይህችኑ ሰዓት ነው። ሞቱንማ በነጋታው ሌሊት ሥራ ቦታዋ ታገኘዋለች።

መጨረሻውን የመለወጡ ልማድ የመጣው ከወዴት ነው? ትርዒቱ መጀመሪያ በሞስኮ በቦልሾይ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1877 ሲታይ ፍጻሜው ጨካኝ ነበር፤ ልዑሉ ኦዴትን የሚጠብቃትን ዘውድ ከራሷ ላይ ነጥቆ ወደ ሐይቁ ይወረውረዋል፤ ሐይቁም ሞልቶ ሁለቱንም ይውጣቸዋል። ያኔ ብዙ አልተወደደም፤ ደራሲው ቻይኮቭስኪም ሥራው ሲከበር ሳያይ በ1893 ሞተ። በ1895 ማሪየስ ፔቲፓና ሌቭ ኢቫኖቭ በፔቴርስቡርግ ዳንሱን እንደ አዲስ ሲነድፉት፣ የሙዚቀኛው ወንድም ሞዴስት ታሪኩን አሻሻለው፤ ፍቅረኞቹ ፈቅደው ሐይቁ ውስጥ ይገባሉ፤ በመሥዋዕታቸው የአስማተኛው ኃይል ይሰበራል፤ ከሞት ወዲያ ተያይዘው ይታያሉ። ልብ በሉ፤ ደስታ አለ፤ ግን ከሞት ወዲያ ነው።

ክንፍ መገንጠሉ የመጣው በሶቪየት ዘመን ነው። በ1950 ሌኒንግራድ ላይ ኮንስታንቲን ሰርጌዬቭ ባዘጋጀው ቅጂ ልዑሉ አሸንፎ ኦዴትን ይዞ ይቀራል። በ1969 ዩሪ ግሪጎሮቪች በቦልሾይ አሳዛኝ ፍጻሜ ሊመልስ ቢነሣ የባህል ሚኒስቴር ከለከለው፤ ወደ ደስታ ለወጠው። የራሱን ፍጻሜ መድረክ ላይ ለማውጣት እስከ 2001 መጠበቅ ነበረበት፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት! መንግሥት ለተረት ወፍ ሞት ፈቃድ የሚከለክልበት ምክንያት ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ፣ የፈረሰ መሐላ ዋጋ ያስከፍላል የሚል ትርዒት ለባለሥልጣን ጆሮ አይጥምም። ነሐሴ 1991 በመሪዎቹ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የሶቪየት ቴሌቪዥን ዜናውን ትቶ ይህንኑ «ስዋን ሌክ» ደጋግሞ ማሳየቱን ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። ዛሬ ያ ሚኒስቴር የለም። ቲኬት ሻጩ ተተክቶለታል፤ ማንም ሳያዝዘው ይቆርጣል።

የሙዚቃ አዋቂ ነን የሚሉ አንድ መከራከሪያ አላቸው። በመጨረሻ ያ በኦቦ ሲያለቅስ ያመሸው የስዋን ዜማ ወደ ደማቅ ቅኝት ተለውጦ በጥሩምባ ይጮኻል፤ ይህ የድል ድምፅ አይደለም ወይ ይላሉ። ነው። ግን ምን ዓይነት ድል? የእኛ ሊቃውንት በታላቅ ሰው ቀብር ላይ ከበሮ መትተው፣ ጽናጽል ይዘው ሲዘምሩ ሟቹ ከሣጥኑ ይነሣል ብለው ነው እንዴ? ድምቀቱን ሰምቶ ሞቱን መካድ ጆሮን ይዞ ዓይንን መጨፈን ነው።

ሌላው ምስክራቸው ፕሮኮፊዬቭ ነው። እውነት ነው፤ በ1935 «ሮሚዮና ዡልዬት»ን ለባሌት ሲደርስ ፍቅረኞቹን በሕይወት አትርፏቸው ነበር፤ ምክንያቱም ሕያዋን ይደንሳሉ፣ የሚሞቱ ሰዎች ግን ተኝተው አይደንሱም የሚል ነበር። ምስክርነቱን ግን እስከ መጨረሻው ስሙት እንጂ! አንድ ሰው ሙዚቃህ መጨረሻው ላይ እውነተኛ ደስታ የለበትም ቢለው ነገሩ ከነከነው፤ ሞትም በዳንስ ሊገለጽ እንደሚችል የዳንስ ባለሙያዎቹን አማክሮ ሲያረጋግጥ መጨረሻውን ለወጠው። በጥር 1940 ሌኒንግራድ ላይ ጋሊና ኡላኖቫ ዡልዬትን ሆና ስትደንስ የሞተችው በእሱ ፈቃድ ነው።

ከበደ ሚካኤል ይህንኑ የሼክስፒር ሥራ ወደ አማርኛ ሲመልሱ ሁለቱን ልጆች አላዳኗቸውም። ሐዲስ ዓለማየሁም አላዳኑም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክልን ስንቱ ቤት ሥራውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር! እስቲ አንድ አዘጋጅ ተነሥቶ፣ «ለመላው ቤተሰብ» ብሎ ሰብለ ወንጌልን ለበዛብህ ይዳራት፤ ጉዱ ካሣንም ሚዜ ያድርገው። የወላጆቹ ስለት የት ይግባ? የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ማንን ጎዳ ሊባል ነው? አንባቢው መጽሐፉን አዘጋጁ ራስ ላይ ይወረውርበታል፤ መጽሐፉ ደግሞ ወፍራም ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የራሱን አዲስ ታሪክ የሚሠራ ሰው ሁሉንም በሕይወት ያኑር፤ ስሙንም ሌላ ይበለው። «ስዋን ሌክ» ብሎ የሚሸጥ ግን ይግደላቸው፤ ይህን ካልቻለ ቲኬቱ ላይ «በዚህ ትርዒት ማንም ይቅርታ አይጠይቅም» ብሎ ይጻፍ። ወተት ላይ ውኃ የጨመረ ነጋዴ ሲያዝ ይቀጣል፤ ይኼኛው አበባ ይሰጠዋል።

ለአክስቴ ልጅ ሁለቱም የሚሞቱበትን አንድ ቅጂ ፈልጌ ልኬላታለሁ። እስከ ሦስተኛው ገቢር አይተው አቁመዋል፤ የሌሊት ተረኛ ሆና ነው። ልጅቱ ግን ሁለት ጣቷን እያነሣች እናቷን ማስማል ጀምራለች አሉኝ።