የሁለት ደቂቃው ፊልም የልጆች ጨዋታ አይደለም

በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ አንድ መልመጃ ነበር። አንድ ሰው በር ይከፍታል፤ ክፍሉን ያቋርጣል፤ ከሌላ ሰው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያም ሁለቱ ጥቂት ቃላት ይለዋወጣሉ። መልመጃው ይኸው ነው። ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 17 የሚደርስ ተማሪዎች ይህን ቀርጸውና አቀናብረው ካሳዩ በኋላ ወደ ዋናው ሥራ ይሸጋገሩ ነበር፤ ይኸውም የአንድ አዲስ ልብ ወለድ ፊልም መክፈቻ ከነርእሱ፣ ከሁለት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ መሥራት ነው። አያሌ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ሥራ የመረጡት ልብ አንጠልጣይ የተባለውን የፊልም ዓይነት ነበር።

ይህን ሥራ በንቀት የሚመለከቱ ወገኖች ጥቂቶች አይደሉም። አንደኛው ወገን፥ «ተማሪ መጽሐፍ ማንበብ ሲገባው ካሜራ ተሸክሞ መሯሯጡ ጊዜ ማባከን ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «ልብ አንጠልጣይ ፊልም የነጋዴ ሸቀጥ፣ የደምና የቢላዋ ትርኢት ስለሆነ ከትምህርት ቤት ደጃፍ መድረስ የለበትም» በማለት ይከራከራል። የሁለቱ ወገኖች መነሻ ይለያይ እንጂ መድረሻቸው አንድ ነው፤ የተማሪውን እጅ ከካሜራው ማላቀቅ። ይህ አመለካከት ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው። ጎጂነቱን ለመረዳት በቅድሚያ ተማሪዎቹ በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ምን ይማሩ እንደነበር መመርመር ያስፈልጋል።

ኦ.ሲ.አር. የተባለው የእንግሊዝ የፈተና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የመገናኛ ብዙኃን ጥናት መርሐ ትምህርት መሠረት፥ ከ100 ነጥብ ውስጥ 20ው ለጥናትና ለዝግጅት፣ 60ው ለተሠራው ፊልም፣ የቀረው 20 ደግሞ ተማሪው በገዛ ሥራው ላይ ለሚያቀርበው ሂስ የሚሰጥ ነበር። ተማሪዎቹ እስከ አራት ሆነው በቡድን ይሠራሉ። ከሂሱ ጥያቄዎች አንዱ፥ ተማሪው ከበርና ከወንበር መልመጃ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ሥራ ድረስ ምን እንደተማረ ይጠይቀዋል። ሌላው ጥያቄ ፊልሙ የኅብረተሰቡን ክፍሎች እንዴት አድርጎ እንዳቀረበ ያስመረምረዋል። ይህ ጨዋታ ከተባለ፥ ቁም ነገር የሚባለው ምን እንደሆነ ነቃፊዎቹ ቢያስረዱ መልካም በሆነ ነበር።

የበሩን መልመጃ ቀላል የሚያስመስለው ሠርቶ ያላየው ሰው ዓይን ነው። ተማሪው በመጀመሪያ ከውጭ ሆኖ፥ እጅ የበሩን እጀታ ሲይዝ ይቀርጻል፤ ቀጥሎ ከውስጥ ሆኖ በሩ ሲከፈት ይቀርጻል። በፊተኛው ምስል እጀታውን የያዘው ቀኝ እጅ ሆኖ በኋለኛው ግራ እጅ ከሆነ፥ ወይም በሩ ሁለት ጊዜ የተከፈተ ከመሰለ፥ ተመልካቹ ወዲያውኑ ከታሪኩ ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ፥ በአንዱ ምስል የተጀመረ እንቅስቃሴ በሚቀጥለው ሳይዛነፍ እንዲፈጸም ማድረግ ነው። ሁለተኛው፥ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ የተናጋሪውንና የአድማጩን ፊት እያፈራረቁ ማሳየት ነው። ሦስተኛው የ180 ዲግሪ ደንብ የሚባለው ሲሆን፥ በተነጋጋሪዎቹ መካከል በሐሳብ የተሰመረውን መሥመር ካሜራው እንዳይሻገር ያዛል፤ ከተሻገረ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰዎች ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመለከቱ ይመስላሉ።

በእንግሊዝ የቪዲዮ አሠራር አንዱ ሴኮንድ 25 ነጠላ ምስሎች ስላሉት፥ ሁለት ደቂቃ ማለት 3000 ምስሎች ማለት ነው። ተማሪው ሲያቀናብር ከእነዚህ ውስጥ በየትኛው ላይ መቁረጥ እንዳለበት ይወስናል። ጥቂት ምስሎች ቢያዘገይ ድንጋጤው ይሞታል፤ ጥቂት ምስሎች ቢያስቀድም ነገሩ ለተመልካቹ አይገባም። ይህ የዓይን፣ የጆሮና የኅሊና ሥልጠና ነው።

አሠራሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በቅኔ ቤት ጀማሪው ተማሪ ከስምንት ቤቱ መወድስ አይነሣም፤ የሚነሣው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት ትንሽ ናት ብሎ ጉባኤ ቃናን የሚንቅ የቅኔ መምህር የለም፤ ሰምና ወርቁን በሁለት ቤት ማስማማት ያቃተው ተማሪ በስምንት ቤት እንደማይሆንለት ያውቃልና። የበሩና የወንበሩ መልመጃም የፊልም ጉባኤ ቃና ነው። ሁለቱን ደቂቃ ያልገራ እጅ ሁለት ሰዓት ቢሰጠው የሚያባክነው ፊልምና ገንዘብ ይጨምራል እንጂ ጥበቡ አይጨምርም።

ልብ አንጠልጣይ ፊልም የቢላዋ ትርኢት ነው ለሚለው ክስ ደግሞ ራሳቸው ፊልሞቹ መልስ ይሰጣሉ። ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1931 በጀርመን አገር የሠራው «ኤም» የተሰኘ ፊልም የሕፃናት ገዳይን ታሪክ ይዞ ይጀምራል። በመክፈቻው ግን ቢላዋም ደምም አይታይም። እናት የምሳ ገበታ ታዘጋጃለች፤ ሰዓቷን ትመለከታለች። ከትምህርት ቤት የምትመለሰው ልጇ ኳሷን በማስታወቂያ ላይ ታነጥራለች፤ ማስታወቂያው ስለ ገዳዩ የወጣ ነው፤ በላዩ ላይ የአንድ ሰው ጥላ ያርፋል። ከዚያ በኋላ እናት ስትጣራ ባዶ ደረጃ፣ ባዶ ሰገነት፣ ያልተነካ ሳሕን ይታያል። ኳሷ ከቁጥቋጦ ውስጥ ተንከባልላ ትወጣለች፤ ፊኛዋ ከቴሌግራፍ ሽቦ ላይ ተይዛ ትንቀጠቀጣለች። ልጅቱ እንደሞተች ተመልካቹ ራሱ ይደመድማል። ያን ያህል ሐዘንና ፍርሃት የተገኘው ከምስሎቹ ቅደም ተከተል ነው።

ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1958 «ተች ኦፍ ኢቭል» ለተባለው ፊልሙ የሠራው መክፈቻም ሌላ ምስክር ነው። አንድ እጅ ፈንጂ በመኪና ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ይደብቃል፤ መኪናዋ በሰው መካከል እያዘገመች ወደ ሜክሲኮና አሜሪካ ድንበር ታመራለች፤ ካሜራው ከ3 ደቂቃ በላይ አንድም ጊዜ ሳይቆረጥ ይከተላታል። ተመልካቹ የሚያውቀውን ሰዎቹ አያውቁም። አልፍሬድ ሂችኮክ ይህንኑ ምሥጢር ሲያስረዳ፥ ከጠረጴዛ ሥር ያለ ፈንጂ ሳይታሰብ ቢፈነዳ ለተመልካቹ የ15 ሴኮንድ ድንጋጤ ብቻ እንደሚሰጥ፣ ፈንጂው መኖሩን አስቀድሞ ቢያውቅ ግን 15 ደቂቃ በጭንቀት እንደሚቀመጥ ተናግሯል። ስለሆነም የልብ አንጠልጣይ ፊልም ዋና ጥያቄ «ማን ምን ያውቃል? መቼስ ያውቃል?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በሥራ የፈታ ተማሪ ስለ ትረካ አያሌ ገጽ ከሸመደደው ይልቅ ያውቃል።

በሌላ በኩል የተማሪዎቹ ሥራ እንከን የለበትም ማለት ራስን ማታለል ይሆናል። ፊቱን የሸፈነ ሰው፣ ጨለማ ጫካ፣ የምትሮጥ ልጃገረድ፣ የሚያብለጨልጭ ቢላዋ፤ ይህ ዝርዝር ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው እየዞረ ሲደጋገም ቆይቷል። ተማሪው ከገበያ ፊልም የለቀመውን ጭምብል በራሱ ሠፈር ልጅ ፊት ላይ ያጠልቃል። ዳሩ ግን የዚህ መድኃኒቱ ካሜራውን መንጠቅ አይደለም። መምህሩ ተማሪውን ወደ ላንግ ገበታና ወደ ባዶው ሳሕን ሊመልሰው ይገባል። ልጁ የሚፈራው ነገር በጫካ ውስጥ የለም፤ አባት ከሥራ ሳይመለስ ሲመሽ፣ የቤት ኪራይ ጠያቂው በር ሲያንኳኳ፣ የታመመች እናት ሳል በሌሊት ድንገት ሲቋረጥ ነው ልብ የሚንጠለጠለው። ይህን ማሳየት የመምህሩ ኃላፊነት ነው። መምህሩ ኃላፊነቱን ባልተወጣበት ቦታ ጥፋቱን በፊልሙ ዓይነት ላይ መደፍደፍ ፍርደ ገምድልነት ነው።

መሣሪያ ውድ ስለሆነ ትምህርቱ የሀብታሞች ቅንጦት ነው የሚሉም አሉ። ታሪክ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በሞስኮ የመንግሥት የፊልም ትምህርት ቤት ሲቋቋም አገሪቱ የርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበረች፤ ባዶ ፊልም እንደ ዳቦ ብርቅ ነበር። ሌቭ ኩሌሾቭና ተማሪዎቹ ፊልም ሳይኖራቸው የፊልም ትዕይንቶችን በመድረክ ላይ ቁራጭ በቁራጭ እየሠሩ ይለማመዱ ነበር። በስሙ በሚጠራው ሙከራም የአንድን ተዋናይ አንድ ዓይነት ፊት አንዴ ከሾርባ፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ምስል ጋር አቀናብሮ ሲያሳይ፥ ተመልካቾች በፊተኛው ረሃብ፣ በኋለኛው ሐዘን እንዳነበቡበት ይተረካል። ፊቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። ከዚያ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1926 «እናት»ን የሠራው ፑዶቭኪን ወጣ። ችግር የእጅን ትምህርት አላስቆመውም፤ አጠራው እንጂ።

እንግዲህ በእንግሊዝ አገር የተደረገውን ለውጥ በዚህ ሚዛን መመዘን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ በዋለው አዲስ መርሐ ትምህርት፥ የመገናኛ ብዙኃን ጥናት ከጠቅላላው ነጥብ ለተግባር ሥራ ይሰጥ የነበረው 50 በመቶ ወደ 30 በመቶ ወረደ። ከዚህም በላይ የሚታረመው ሥራ የእያንዳንዱ ተማሪ የግል ሥራ እንዲሆን ተደነገገ፤ ጓደኞች ሊተውኑለት ወይም በእርሱ ትእዛዝ ካሜራ ሊይዙለት ቢችሉም ነጥቡን ግን አይጋሩም። የለውጡ ደጋፊዎች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። በመምህር የሚታረም ሥራ ውጤቱ ያጋድላል፤ በቡድን ሥራም የማን ድርሻ የቱ እንደሆነ አይለይም ይላሉ።

ሁለቱም ምክንያቶች ከእውነት የራቁ አይደሉም፤ መፍትሔው ግን ከችግሩ የከፋ ነው። እርማት ካጋደለ አራሚውን ማሠልጠንና እርማቱን መቆጣጠር ይቻላል። ሚዛን ተዛባ ተብሎ እህሉ አይጣልም። የማን ድርሻ የቱ እንደሆነ ለመለየትም ተማሪው በራሱ ሥራ ላይ የሚያቀርበው ሂስና የሥራ መዝገቡ ይበቃሉ። ፊልም በባሕርይው የብዙ እጆች ሥራ ነው። ድምፅ የሚቀዳው፣ መብራት የሚይዘው፣ የሚተውነውና የሚያቀናብረው አንዱ ሌላውን ካላዳመጠ ሁለት ደቂቃ ቀርቶ ሁለት ሴኮንድ አይቃናም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል በፊልም ቀረጻ ላይ በየሰዓቱ የሚፈተን እውነት ነው። ጓደኛን ነጥብ የማይጋራ አገልጋይ የሚያደርግ ደንብ ለፈታኙ ቢመችም፥ ጥበቡን ግን ከሥሩ ይነቅለዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ጉዳይ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ያለው ነው። ማየት ማመን ነው ይባል ነበር። ዛሬ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ካሜራና ማቀናበሪያ አለ፤ በአንድ ሌሊት የሚሠራ ምስል ሺህ ሰዎችን ያስቆጣል፣ ያስለቅሳል፣ ያጣላል። የአንድ ባለሥልጣን ፈገግታ ከሬሳ ምስል አጠገብ ሲቀመጥ የጭካኔ፣ ከሕፃን ምስል አጠገብ ሲቀመጥ የርኅራኄ ማስረጃ ይሆናል። ኩሌሾቭ በሾርባና በሬሳ ሣጥን ያሳየው ነገር ዛሬ የዕለት ተዕለት የፖለቲካና የንግድ መሣሪያ ሆኗል። ይህን ሽንገላ በቀላሉ የሚያውቅበት ማን ነው? ራሱ ቆርጦ የቀጠለ ሰው ነው። በገዛ እጁ ባዶ ክፍልን አስፈሪ ያደረገ ተማሪ፥ ሌላው ባዶ ክፍልን አስፈሪ ሊያደርግበት ሲሞክር «ይህ ሰው የት ላይ ቆረጠ? ከቁራጩ በፊት ምን ነበር? ድምፁንስ ከየት አመጣው?» ብሎ ይጠይቃል። በቃል የተጠና የትርጓሜ ዝርዝር ይህን ጥርጣሬ አይተክልም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው።

ስለዚህ ለመምህራንና ለኪነ ጥበብ ባለሙያዎች የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ከእንግሊዝ አገር የሚቀዳ ነገር ቢኖር ከ2017 በፊት የነበረው የበርና የወንበር መልመጃ ነው፤ በኋላ የተደረገው ቅነሳ አይደለም። ለእርሱም ስቱዲዮ አያስፈልግም። አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ ሁለት ወንበርና አንድ የእጅ ስልክ ያለው ትምህርት ቤት ነገ ጠዋት ሊጀምር ይችላል። መምህሩ ጭምብሉንና ቢላዋውን ከደጅ ያስቀር፤ ተማሪውን በራሱ ቤትና ሠፈር የሚያስፈራው ምን እንደሆነ ይጠይቀው፤ የሠራውንም በጓደኞቹ ፊት አቅርቦ እንዲተች ያድርገው። ክፍሉ ከሳቀ ተማሪው ተመልሶ ይቁረጥ። ክፍሉ ትንፋሹን ከያዘ ግን በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ባለሙያና ብዙ ንቁ ተመልካቾች በአንድነት ተወልደዋል።