ግንቡን በመቀስ

አንድ የስኮትላንድ ግንብ ስንት ያወጣል? ግንቡ እንኳ አይሸጥም። ሥዕሉ ግን ይሸጣል፤ ያውም ከ170 ዓመት በላይ ከሆነው መጽሐፍ ላይ ተቆርጦ፣ በመስታወት ፍሬም ገብቶ። ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮበርት ዊሊያም ቢሊንግስ የሚባል የለንደን ተወላጅ አርክቴክት ስኮትላንድን እየዞረ ጥንታዊ ግንቦችንና አብያተ ክርስቲያናትን ሣለ። ሥዕሎቹ በብረት ላይ ተቀርጸው እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 በአራት ቅጽ ታተሙ፤ 240 ሥዕል! ከግንቦቹ አንዱ ግላምስ ነው። የሼክስፒሩ ማክቤዝ የግላምስ ጌታ ይባል የለ? እሱው ግላምስ።

መጽሐፉ ደግሞ እንዲያው የሥዕል አልበም አልነበረም። እንደ ዴቪድ ብራይስ ያሉ አርክቴክቶች ከሱ እየቀዱ፣ ሾጣጣ ጣሪያ ያላቸውን የድሮ የማዕዘን ማማዎች በአዳዲስ ቤቶች ላይ መልሰው አቆሙ። ወረቀት ድንጋይ ወለደ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ይቆርጡታል? ሒሳቡ ቀላል ነው። ሙሉውን የሚገዛ አንድ ሰው ከመጠበቅ፣ ቅጠል በቅጠል ለብዙ ሰው መቸርቸር ያዋጣል። ሻጮቹ መከራከሪያም አላቸው፤ መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚለብስ ሰው ግድግዳው ላይ ይየው ይላሉ። እውነት ለመናገር ግማሹ ያስኬዳል። መጽሐፉ የታተመ ነው፤ ሌላ ቅጂ በየቤተ መጻሕፍቱ አለ። ግን ያ ግንብ መቼ ተሠራ? ማን ኖረበት? የቱ ክፍል በኋላ ተጨመረ? ይህን የሚነግረን ከሥዕሉ ጋር የነበረው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ሲቀር ግላምስ የሳሎን ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

እናንተዬ፣ መቀሱ እኛም ዘንድ አለ። ከብራና መጻሕፍታችን ሥዕል ያለበት ቅጠል እየተገነጠለ ለቱሪስት ሲሸጥ ኖሯል። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የቢሊንግስ መጽሐፍ በማተሚያ ተባዝቷል፤ ብራና ግን እያንዳንዱ በእጅ የተጻፈ፣ ብቸኛ ነው። ወንጌሉ ሌላ ቦታ ይገኝ ይሆናል። ባዶው ቦታ ላይ የተጻፈው የመሬት ስጦታ፣ የምስክሮቹ ስም፣ የሰጪው እርግማን ግን ከተቀደደ ተቀደደ።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ደግ ነው። ግን አዋጅ ደጅ ላይ ይጠብቃል እንጂ ፍላጎትን አያጠፋም። ገንጣዩን የሚያኖረው ገዢው ነው፤ ገዢው ደግሞ ሁልጊዜ ፈረንጅ አይደለም። "ለቤቴ ዲኮር" የምንለው እኛም አለንበት።

ሥዕሉን ከወደዳችሁት ፎቶ አንስታችሁ ወይም ስካኑን አውርዳችሁ አሳትሙት፤ ግድግዳው ልዩነቱን አያውቅም። ነጠላ ቅጠል ሲያቀርቡላችሁ ግን ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የቀረው መጽሐፍ የት ሄደ?