ለይሉኝታም በጀት እንያዝለት

እስቲ በእውነት እንነጋገር። ደመወዝ ከገባ በስንተኛው ቀን ነው «ብሩ የት ገባ?» ብላችሁ ራሳችሁን የምትጠይቁት? በሃያኛው ከሆነ ጎበዞች ናችሁ። እኛ የጠየቅነው በ12ኛው ቀን ነው። ሴቻ ላይ ቤት በጋራ ተከራይተን የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች ነን። ሦስታችንም ሥራ አለን፤ ሦስታችንም «አንጠጣም፣ አንቅምም» እያልን እንመጻደቃለን። ያም ሆኖ የዚያን ዕለት ማታ የሦስታችን ኪስ ተደምሮ ለሳምንት አስቤዛ አልበቃ አለ። አንዳችን ስልኩን አውጥቶ ብድር ለመጠየቅ መነካካት ሲጀምር ነው ሁላችንም የደነገጥነው። ያለፈውን ወር ብድር የከፈልነው ገና በዚሁ ደመወዝ ነበር።

በማግስቱ አንድ ደብተር ገዛን። ደንቡ ቀላል ነው፦ ለአንድ ወር ከኪሳችን የምትወጣ እያንዳንዷ ብር ማታ ማታ ትጻፋለች፤ ማንም ማንንም አይወቅስም። ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ጃፓናዊቷ ጋዜጠኛ ሃኒ ሞቶኮ እ.ኤ.አ. በ1904 «ካኬቦ» የሚባለውን የቤት ወጪ መዝገብ ለአገሯ ሴቶች አዘጋጅታ ነበር። ሩቅ ሳንሄድ የሰፈራችን ባለሱቅስ የዱቤ ደብተር አለው አይደል? ልዩነቱ እሱ የሰው ዕዳ ይጽፋል፣ እኛ የራሳችንን ጉድ።

ደብተሩ ያወጣውን ጉድ ከመናገራችን በፊት ግን ለእውነት እንመስክር። «ወጣቱ የተቸገረው መቆጠብ ስለማያውቅ ነው» የሚሉንን ሰዎች አንቀበልም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር ሰው መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ጥሩ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከዚህ ላይ 2,100 ብር ግብር ይነሣል። የጡረታው 7 በመቶ ደግሞ 805 ብር ነው። እጅ የሚገባው 8,595 ብር ይሆናል ማለት ነው። ለ30 ቀን አካፍሉት፤ በቀን 286 ብር ከ50 ሳንቲም። ኪራዩም፣ ምግቡም፣ ባጃጁም፣ አገር ቤት ለምትማረው ታናሽ እህት የሚላከውም ከዚሁ ነው።

የፈረንጆቹን ቀመርም ሞክረነዋል። ኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆነችው ኤልዛቤት ዋረን ከልጇ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመችው መጽሐፍ ያስተዋወቀችው የ50/30/20 ቀመር አለ፦ ግማሹ ለግዴታ፣ 30 በመቶው ለፍላጎት፣ 20 በመቶው ለቁጠባ። የእኛን 8,595 ብር በዚህ ስንመትረው ለግዴታ የሚደርሰው 4,297 ብር ነው። በዚህ ብር ኪራይ ከፍሎ፣ ወሩን በልቶ፣ ለብሶ፣ ቤተሰብ ረድቶ የሚተርፈው ሰው ካለ አድራሻውን ስጡንና ሄደን እንማር። ቀመሩ ሌላም ጉድለት አለው። የእኛን አገር ትልቁን ወጪ አያውቀውም።

ያ ወጪ ምንድን ነው? ወደ ደብተራችን እንመለስ።

ወሩ ሲያልቅ ቁጭ ብለን ደመርን። አንደኛ ኪራይ፣ ሁለተኛ አስቤዛ፤ ይህን ጠብቀነዋል። ሦስተኛው ባጃጅ ይሆናል ብለን ተወራርደን ነበር። አልሆነም። ሦስተኛው ላይ የተገኘው ስም ያላወጣንለት ወጪ ነው። «ለእነ እንትና ማኪያቶ»፣ «የልደት መዋጮ»፣ «ለሠርግ የአንድ ቀን ልብስ»፣ «ዓሣ፤ እኔ ልክፈል ብዬ»፣ «ያልፈለግሁት ሸሚዝ፤ ሻጩ ብዙ ስላወረደልኝ»። ሁሉንም የሚያስተሳስራቸው አንድ ነገር ነው፦ ይሉኝታ። ሂሳብ ሲመጣ ሁላችንም ኪሳችን ውስጥ እጃችንን እንከታለን። ከፍሎ የሚወጣው ግን ያለው ሳይሆን የሚያፍረው ነው።

ባጃጁም ቢሆን ግማሹ ይሉኝታ ነው። ከሴቻ እስከ ሲቀላ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው፤ ጠዋት በብርዱ፣ የዓባያና የጫሞን ሐይቅ እያዩ መውረድ ጤናም ጌጥም ነው። ግን ከኋላችን የምናውቀው ሰው ሲመጣ ካየን እጃችንን ዘርግተን ባጃጅ እናስቆማለን። ምግቡም እንደዚያው። አርባ ምንጭ ውስጥ ሙዝና ማንጎ ደጃችን ድረስ ይመጣል፤ ሽፈራው፣ የአገሬው ሰው ሀሌኮ የሚለው፣ በየግቢው ቆሟል። ብቻችንን ስንሆን ሽፈራው በበቆሎ እንበላለን። እንግዳ ሲመጣ ግን እሱን ማቅረብ ነውር ይመስለንና ከምግብ ቤት እናዛለን። እንግዳውም እቤቱ ሽፈራው እየበላ ነው የመጣው!

ታዲያ ወላጆቻችን ይሉኝታ አልነበራቸውም? ኧረ ከእኛ በላይ ነበራቸው! በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻና በዶርዜ፣ መስቀል እንዴት እንደሚከበር ያየ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ የከረመው ሸማኔ ሳይቀር ጓዙን ሸክፎ አገሩ ይገባል። በሬ ይታረዳል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ ጎረቤት ተጠራርቶ ይበላል። ለዚያ ቀን የሚወጣው ወጪ ከእኛ የማኪያቶና የልደት ወጪ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ነገር ግን በሬው መስከረም ላይ በድንገት አይገዛም። ወንዶቹ ተቧድነው ገንዘቡን ከወራት በፊት ጀምረው ያዋጡታል። ሴቶቹም ለቅቤው እንዲሁ ጥቂት በጥቂት ያጠራቅማሉ። ያ ብር ገና ሳይሞላ ስም ወጥቶለታል፦ «የመስቀል ነው» ይባላል። ስም ያለውን ብር ማንም ተነሥቶ ለሌላ ጉዳይ አያውለውም።

ልዩነታችን እዚህ ጋ ነው። ወላጆቻችን በዓመት አንዴ ለሚመጣ ድግስ ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ፤ እኛ ዓመቱን ሙሉ እየደገስን ለመስቀል እንበደራለን። እነሱ ይሉኝታቸውን በጀት ይዘውለታል፤ እኛ ይሉኝታችን በጀታችንን ይዞታል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ዛሬ ቢተረት ኖሮ የስልክ ብድርን ይጨምር ነበር።

ስለዚህ ከዚያ ወር ወዲህ ደመወዝ በገባበት ዕለት ብሩን በአራት ፖስታ እንከፍለዋለን። አንዱ የኪራይና የአስቤዛ፣ አንዱ የቤተሰብ፣ አንዱ የዕቁብ ነው። በአራተኛው ፖስታ ላይ በትልቁ «ይሉኝታ» ብለን ጽፈናል። ማኪያቶ ለመጋበዝም፣ ለልደትም፣ ለሠርግም፣ ለለቅሶም የሚወጣው ከዚህ ነው። ፖስታው ባዶ ከሆነ ባዶ ነው፤ ከሌላው ፖስታ መበደር ክልክል ነው።

መጀመሪያ ላይ ከባድ ነበር፤ አንዋሽም። አንዳችን ካፌ ውስጥ ሂሳብ ሲመጣ «እኔ ዛሬ የለኝም» አለ። ጠረጴዛው ዝም አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ከዚያ ከወዲያ ጥግ የተቀመጠው ጓደኛችን ቀስ ብሎ «እኔም እኮ የለኝም» አለ። ሌላዋም ሳቀች፤ እሷም አልነበራትም። ለካስ ሁላችንም አንዳችን ለሌላችን ብለን ስንከስር ኖረናል! የዚያን ቀን ሂሳቡን እኩል ተካፍለን ወጣን፤ ጓደኝነታችንም እስከ ዛሬ አለ።

«ይሄ ቆንቋና ያደርጋል፣ ማኅበራዊ ኑሯችንን ይገድላል» የሚል አይጠፋም። እኛ ያየነው ተቃራኒውን ነው። በቅርቡ የጎረቤታችን አባት ሲያርፉ፣ ሴቻ መኖር ከጀመርን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንበደር ለቅሶ ደረስን። ፖስታው ውስጥ ብር ነበረ፤ ምክንያቱም በሳምንቱ ውስጥ ለአምስት ማኪያቶ አልወጣም። ይሉኝታ በጀት ሲኖረው ከታይታ ወደ ቁም ነገር ይዞራል።

ሌላው ጥያቄ ይበልጥ ከባድ ነው፦ «ብሩ እየረከሰ ምን ብዬ ነው የምቆጥበው?» እውነት ነው። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ በ2010 ዓ.ም. 7 በመቶ ሲደረግ ደስ ብሎን ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። ያን ዓመት 1,000 ብር ያስቀመጠ ሰው 1,070 ብር ይዞ 1,300 ብር የገባ ዕቃ ፊት ቆመ ማለት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ዶላሩ በእጥፍ ገደማ ለመጨመር ብዙ ወራት አልፈጀበትም።

የእኛ መልስ ይኸው ነው፦ ስም የሌለው ቁጠባ ይረክሳል፤ ስምና ቀን ያለው ግን ዕቃ ይሆናል። ለዚህ ነው ዕቁባችንን አጭር ያደረግነው። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ረጅም ከሆነ የመጨረሻውን ዕጣ የሚወስደው ሰው የከፈለውን ያህል ሳይሆን የረከሰውን ያህል ይቀበላል። ስለዚህ ጥቂት ሆነን፣ በጥቂት ወራት የሚያልቅ፣ እያንዳንዳችን ምን እንደምንገዛበት አስቀድመን የተናገርንበት ዕቁብ ጀመርን። አንዳችን ላፕቶፕ፣ አንዳችን የእህቱን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አንዳችን ፍራሽ ብለናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ? በሸማኔ አገር እየኖርን ይህ ሊጠፋን አይገባም።

ደብተር ደመወዝ አይጨምርም። ኪራይም አያወርድም፤ ያንን ማውረድ ያለበት ሌላ አካል ነው፤ እሱንም መጠየቃችንን አንተውም። ደብተሩ ያደረገልን አንድ ነገር ነው፦ በ12ኛው ቀን ማታ ስልክ አውጥተን ብድር ከመለመን አዳነን። ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እናንተስ? ማታ ስትገቡ አንድ ወረቀት አውጡና የዚህን ሳምንት ወጪያችሁን ጻፉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ወጪ ፊት «ፈልጌው ነው ወይስ አፍሬ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ለማንም መንገር የለባችሁም።

ቸር እንሰንብት።