ኮከብ አፍ የለውም

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከሰማይ በታየ ብርሃን ነው። ይህን የከተማው ልጅ ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ይነግራችኋል። ከብርሃኑ በፊት የሆነውንስ? እሱ ላይ ሁሉም አረቄውን ይቀዳል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የአባ እስጢፋኖስን ተከታዮች በድንጋይ አስወገሯቸው። ለንጉሥ አንሰግድም ብለው ነበራ! በ38ኛው ቀን ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም እግዚአብሔር ሥራቸውን እንደወደደላቸው ቆጠሩት። ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ከተማ ተቆረቆረ።

ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 ያለፈው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ጊዜው አይገጥምም የሚሉም አሉ። ይሟገቱ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ኮከብ አፍ የለውም። አፍ የሰጠው ያስወገረው ሰው ነው።

ዛሬም አፍ ሰጪው በዝቷል። የፋይዳ መታወቂያ 666 ነው። ክትባቱ ውስጥ ቺፕ አለ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሐሳዌ መሲሕ ነው። ይህን የሚነግሩን በምንድን ነው? በቲክቶክ ላይቭ! ከሥሩ የቴሌብር ቁጥር ተለጥፎ! አውሬው ስብከት ሲያደርስና ብር ሲሰበስብ ቡሩክ፣ የእኔን መታወቂያ ሲመዘግብ ርኩስ?

አንኮበር ይህን አይታዋለች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ዲሜጥሮስ የሚባል አርመናዊ የውኃ ወፍጮ ተከለ። ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው አሉ፤ ወፍጮው ቆመ። ማን ተጎዳ? አውጋዡ? እሱ እንጀራው ቀርቶበት አያውቅም። የተጎዳችው ጎንበስ ብላ ስትፈጭ የምታነጋው ሴት ናት። ሰይጣኑን የፈራው ሌላ፣ መዳፏ የቆሰለው ሌላ።

«ማሽኑ ሲመጣ ሃይማኖት ያከትማል» የምትሉት ደግሞ አትሳቁ። ጻድቃኔ ማርያም ለጸበል የምትወርደዋ እናት ትጾማለች፣ ሱባዔ ትገባለች፣ የንስሐ አባቷን ታማክራለች። እናንተስ? ስልኩን ትጠይቃላችሁ፤ ያለውን አሜን ብላችሁ ትቀበላላችሁ። ከሁለታችሁ አማኙ ማን ነው?

የሃሌይ ኮከብ እ.ኤ.አ. በ2061 ይመለሳል። ያኔ ሰማዩን የሚተረጉምልን ደብተራ ሳይሆን ማሽን ይሆናል። እንደ ዘርዐ ያዕቆብ ያለ ባለ ሥልጣን ከፊቱ ይቀመጥና ይጠይቀዋል፤ ሥራዬን ወደደልኝ ወይ? ማሽኑ ከየት አምጥቶ ይመልስ? ካጎረሱት ነዋ! የንጉሡን ዜና መዋዕል ብቻ ካጎረሱት፣ እጅ ነሥቶ «አዎን ጃንሆይ» ይላል። እኛም ድምፁ እንዴት እንደሚያምር እናወራለን።

የተወገሩት ግን ጽፈዋል። ገድላቸው አለ። የሸንኮራው ልጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ በሕግ አምላክ» ብለው ወደ አማርኛ መልሰውልናል። እንኳን ማሽኑ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በየዓመቱ ስለ ብርሃኑ ከሚያወሩት ስንቶቹ አንብበውታል? ባለፈው ቅዳሜ አረቄ ቤት ይህን ሳነሣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ «እውነት ነው» አለ። እሑድ ሰባኪው ስለ ቺፑ ሲጮኽ እነዚያው ሰዎች ከፊት ቆመው አጨበጨቡ። አንዱ ዞር ብሎ አየኝና ጥቅሻ ጣለልኝ።