ጨረታ የወጣበት ዙፋን

በዚህ የግጥምና የወግ ገጽ ላይ ስለ ኳስ ስጽፍ ቅር የሚላችሁ አንባብያን አትጠፉም። ይሁን እንጂ ኳስ በዘመናችን ብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ የሚከታተለው ትረካ ነው፤ የትረካ ነገር ደግሞ የእናንተም የእኔም ጉዳይ ነው። ሙግቴ ስለ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲሆን፣ ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከኳስ ወዳጆች ዘንድ አንድ አባባል ደጋግሜ እሰማለሁ፦ «የእንግሊዝ ኳስ ውበቱ ኃያሉ መፈራረቁ ነው። የፈርጉሰን ማንቸስተር ዩናይትድ ነገሠ፤ አርሴናል በ2004 ሳይሸነፍ ዋንጫውን አነሣ፤ ቼልሲ መጣ፤ ማንቸስተር ሲቲ ተከተለ፤ በ2020 እና በ2025 ደግሞ ሊቨርፑል። ከዚህ የበለጠ ፉክክር ከየት ይመጣል?» እኔ ግን እላለሁ፦ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ባለዙፋኑ መለወጡ የቤተ መንግሥቱ በር ለሁሉም ክፍት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

እስቲ እንቁጠር፤ መቁጠር የባንክ ሠራተኛ እንጀራው ነውና። ከ1960 እስከ 1992 ባሉት 33 የውድድር ዘመናት 12 የተለያዩ ክለቦች የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነዋል። ከ1993 እስከ 2025 ባሉት 33 ዘመናት ግን 7 ብቻ። በፊተኛው ዘመን በርንሌይን የመሰለች ትንሽ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ በ1960 ዋንጫ አነሣች። ኢፕስዊች በ1962 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ባደገ በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። የብራያን ክላፍ ኖቲንግሃም ፎረስት በ1977 አደገ፤ በ1978 እንግሊዝን፣ በ1979 እና በ1980 አውሮፓን አሸነፈ። ያን ጊዜም ሀብታም ክለብ ነበረ፤ ሊቨርፑልም ከ1973 እስከ 1990 ድረስ 11 ጊዜ ነግሧል። ሆኖም ድኻው ወደ አደባባይ የሚወጣበት መንገድ ገና አልታጠረም ነበር።

አጥሩን ያጠረው ሰው ነው፤ ዘመኑም ይታወቃል። እስከ 1983 ድረስ እንግዳው ቡድን ከሊግ ጨዋታ የመግቢያ ገቢ ድርሻ ነበረው፤ በዚያ ዓመት ግን ባለሜዳው ሁሉንም ጠቅልሎ እንዲወስድ ተወሰነ። በ1992 የአንደኛ ዲቪዚዮን 22 ክለቦች በ1888 ከተመሠረተው ሊግ ተገንጥለው ፕሪሚየር ሊግን አቆሙ፤ የቴሌቪዥኑም ገንዘብ ከእነርሱ ጋር ሄደ። በ1995 ብላክበርን ሮቨርስ በብረት ነጋዴው በጃክ ዎከር ሀብት ሻምፒዮን ሲሆን ዙፋኑ ዋጋ የተለጠፈበት መሆኑን ዓለም ዐወቀ። ከዚያ ወዲያ ጨረታው ወደ ላይ ወጣ፦ በ2003 ሮማን አብራሞቪች ቼልሲን፣ በ2008 የአቡ ዳቢው ሼክ መንሱር ማንቸስተር ሲቲን ገዙ፤ በ2021 የሳዑዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ የኒውካስልን 80 በመቶ ያዘ። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባል የለ!

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የማንቸስተር ዩናይትድ ሽያጭ ነው። ሰው በብድር ቤት ሲገዛ ቤቱን በመያዣነት ያስይዛል፤ ዕዳውን ግን ገዢው ከራሱ ገቢ ይከፍላል። በ2005 የግሌዘር ቤተሰብ ክለቡን ሲገዛ የዋጋው ትልቅ ክፍል ብድር ነበር፤ ሸክሙም በተገዛው ክለብ ላይ ወደቀ። ቤቱ ራሱ ለገዢው ዕዳ ወለድ ከፋይ ሆነ ማለት ነው! በሜይ 2024 ከአርሴናል ጋር በተደረገው ጨዋታ ማግስት ሲወራ የነበረው ስለ ግቡ ብቻ አልነበረም፤ የኦልድ ትራፎርድ ጣሪያ በተመልካች ላይ ያወረደው ዝናብም ነበር።

«ሌስተርስ?» ትሉኝ ይሆናል። መልካም፤ ሌስተር ሲቲ በ2016 ሻምፒዮን ሆነ። የክለቡ ባለቤት ድኻ ባይሆኑም ድሉ ተአምር ነበር። ነገር ግን ከተአምሩ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። ንጎሎ ካንቴ በዚያው ክረምት ለቼልሲ ተሸጠ፤ ቼልሲም በ2017 ሻምፒዮን ሆነ። ሪያድ ማህሬዝ በ2018 ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሄደ። ሌስተር በ2023 ወረደ፤ ተመልሶ አድጎም በ2025 ዳግም ወረደ። ባለዙፋኖቹ ተአምሩን ሊያግዱት አልቻሉም፤ ምሰሶዎቹን ግን አንድ በአንድ ገዟቸው።

ይህ ነገር ከእኛ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ በየዲኤስቲቪ ቤቱ የምንከፍለውን ሳንቲም ያስብ። ሊጉ ጨዋታውን ለውጭ አገር ሲሸጥ የሚያገኘው ገቢ ለ20ዎቹ ክለቦች እኩል ይከፋፈል ነበር። በ2018 ትልልቆቹ ገፍተው፣ ከ2019 ጀምሮ የሚገኘው ጭማሪ እንደየደረጃው እንዲከፋፈል አስወሰኑ። የአዲስ አበባው ተመልካች ከኪሱ አውጥቶ አጥሩን አንድ ድንጋይ ከፍ ያደርገዋል ማለት ነው፤ ከዚያም ተነሥቶ «የእኔ ሀብታም ከአንተ ሀብታም ይሻላል» እያለ ከወንድሙ ጋር ይጣላል።

የ2019ን ሁለት ወሬዎች ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። በሜይ ወር ማንቸስተር ሲቲ የአገሩን ሦስቱንም ታላላቅ ዋንጫዎች ጠቅልሎ ወሰደ። በኦገስት ወር፣ ከማንቸስተር በስተ ሰሜን ጥቂት ማይል ብቻ የሚርቀው፣ በ1885 የተመሠረተውና ሁለት ጊዜ የኤፍ ኤ ዋንጫ ያነሣው ቤሪ፣ የገንዘብ አቅሙን ማስረዳት ተስኖት ከሊግ ተባረረ። የቤሪ ባለቤቶች ጥፋት እንዳለበት አልክድም። ግን አንዱ ጎረቤት ሦስት ድግስ ሲደግስ ሌላው ጎረቤት የሚቀበርበትን ሥርዓት «የዓለም ምርጥ ሊግ» ብሎ ማወደስ ከማን የተማርነው ቅኔ ነው?

አጥር ደግሞ ሊፈርስ ይችላል። በኤፕሪል 2021 ስድስት የእንግሊዝ ክለቦች ሱፐር ሊግ የሚባል የራሳቸውን ማኅበር ሊያቋቁሙ ሲነሡ፣ ደጋፊዎቻቸው አደባባይ ወጥተው በሁለት ቀን ውስጥ አስተዋቸው። በ2025 ፓርላማው ለእግር ኳስ ገለልተኛ ተቆጣጣሪ የሚያቆም ሕግ አጸደቀ። ተቆጣጣሪው ግን ገንዘቡን ወደ ታች ካላወረደው ማኅተም ያለው ዘበኛ ብቻ ይሆናል።

እኛ የትረካ ወዳጆች ነን። ከጎጆ የተነሣው ልጅ ዙፋን የሚደርስበትን ተረት የምንወደው ሊሆን ስለሚችል ነው። መጨረሻው በጨረታ የሚሸጥ ተረት ግን፣ ገዢው በየዐሥር ዓመቱ ቢለዋወጥም፣ ያው ደረሰኝ ነው፤ ደረሰኝ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤቴ ሳነብ እውላለሁ።